አክስቴ ለዓይኗ ሌንስ የመረጠች ጊዜ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሱቋን ትዘጋና ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትወጣለች። ርግብ፣ አጥር፣ ዘመድ፣ ያገኘችውን ታነሳለች። ሰፈሩ «ብልጭታ» ነው የሚላት።

ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ እሷ በምታነሳው ፎቶ ላይ ሁላችንም ሰማያዊ መሆን ጀመርን። ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ታየውና «ቢጫው በዝቷል» ብላ ሰማያዊ ትጨምርበታለች። በሠርጌ ፎቶ ላይ እኔ ከወንዝ የተጎተተ ሰው እመስላለሁ፤ ሚስቴ ደግሞ አንድ ሐሙስ የቀራት ትመስላለች። ይሉኝታ ይዞን ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። እናቴማ ፎቶውን ሳሎን ሰቅላ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «መብራቱ ነው» ትል ነበር።

ጉዱ የወጣው በክር ነው። የባንክ ጥበቃ የሆነ ደንበኛዋ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪውን ይዞ ተመለሰ።

«እትዬ፣ የሰፋሽበት ክር ቡናማ ነው።»

«ሰማያዊ ነው።»

«ኧረ ቡናማ ነው።»

ሱሪውን ይዘው ደጅ ወጡ። አንዲት መንገደኛ ዳኛ ሆነችና በአክስቴ ላይ ፈረደች። በማግስቱ የአክስቴ ባል፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ እጇን ይዞ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰዳት። እኔም ተከተልኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። በመብራት ስታያት ቆይታ «ሞራ ነው፣ ሁለቱም ዓይንዎ ላይ፤ ነገሩን ሁሉ ቢጫ የሚያደርግብዎ እሱ ነው። እንገፍፈውና በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ እናስገባለን» አለች።

አክስቴ ሌንስ የሚለውን ስትሰማ ወንበሯን አስጠጋች።

«ምን ምን ዓይነት አለሽ?»

«ሩቁን የሚያሳይ አለ፣ ቅርቡን የሚያሳይ አለ፣ ሁለቱንም የሚያሳይም አለ።»

«ያቀርባል፣ ያርቃል?»

«አይ፣ እንደዚያ እንኳ አያደርግም።»

«መያዣ ቦርሳስ አለው?»

«እናቴ፣ የሚቀመጠው ዓይንዎ ውስጥ ነው።»

አክስቴ ትንሽ አሰበች። «ሁለቱንም የሚያሳየው ምን እንከን አለው?»

«ሲመሽ መብራት ዙሪያ ቀለበት ሊታይዎት ይችላል።»

«ይቅርብኝ። የመንገድ መብራት ሲበራ ማንሳት ነው የምወደው።»

ባሏ ጣልቃ ገባ። «ሩቁን አድርጊላት። መንገድ ስትሻገር መኪና ትይበት።»

«በእሱ ከሆነ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መነፅር ያስፈልግዎታል» አለች ሐኪሟ።

አክስቴ ካሜራዋን ከቦርሳ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ይቺ ጥርስ ያላት ትንሽ መዞሪያ ትታይሻለች? ዓይኔ ቢደክም እሷን አዙሬ በቀዳዳው የማየውን አጠራለሁ። ካሜራው ለራሱ ያውቅበታል። መርፌ ግን መዞሪያ የለውም። ቅርቡን ስጪኝ፣ ለመንገዱ መነፅር አደርጋለሁ።»

ሐኪሟ በካሜራው ቀዳዳ አጮልቃ መዞሪያዋን ወዲያ ወዲህ አለቻትና «ምክንያትዎ ያስኬዳል» አለች።

«እኔንስ በየትኛው ልታዪኝ ነው?» አለ ባሏ።

«ከቀረብክ በዓይኔ፣ ከራቅክ በመነፅር።»

ቀኝ ዓይኗ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተሠራ። በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ ባሏ ፊቷ ተደቅኖ ነበር። «አንተ፣ መቼ ነው እንዲህ የተሸበሸብከው?» አለችው።

ከዚያ እናቴ ቤት ገባንና አክስቴ የሠርጌን ፎቶ ግድግዳው ላይ አየችው። ጠጋ ብላ ግራ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፣ ቀጥሎ ቀኙን፣ ቀጥሎ እንደገና ግራውን።

«ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?»

«መብራቱ ነው» አለች እናቴ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ? አፍ የላችሁም እንዴ?»

መጀመሪያ ተቀየመች፤ ሻይም አልጠጣም አለች። ቆይታ ግን ወንድሟን፣ አጎቴን፣ በልደቱ ቀን ያነሳችውን ፎቶ ስታይ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ እንባ ሲያመጣባት ሁላችንም «ዓይንሽን እንዳታሺ» እያልን እጇን ያዝን።

ዘመድ በሙሉ በተራ እንደ አዲስ ፎቶ ተነሳ። ሚስቴ የሰባት ወር እርጉዝ ስለነበረች የሙሽራ ልብሷ አልዘጋ አላት። አክስቴ ጎንና ጎኑን ተርትራ፣ ጨርቅ ጨምራ፣ በነጭ ክር ሰፋችላትና እንደዚያው ሆና ተነሳች።

የግራ ዓይኗ ለመጪው ወር ተቀጥሯል፤ ለእሱም ቅርቡን መርጣለች። ባሏ አሁንም ሩቁ ይሻል ነበር ባይ ነው። ባለፈው ማክሰኞ መነፅሯን ረስታ ወጥታ፣ እሱ መስሏት የማታውቀውን ሰውዬ ክንድ ጨብጣ፣ ስለ ሽንኩርት እያወራችው መንገድ ስትሻገር አግኝቷታል።