ሽንብራ የምትባለው መርገጫ

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዝናብ ገበያውን የበተነው ዕለት፣ አንድ ገበሬ የተበላሸ ስልኩን ሊያሠራ ወደ ሱቄ ገባ። ትከሻው ላይ ከቆዳ የተገመደ መጫኛ ጠቅልሎ ይዟል፤ ገመዱ ውሃ ጠጥቷል። ስልኩን ሊያቀብለኝ ጎንበስ ሲል የእርጥብ ጠፍር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ካቻቢቴዬን አስቀመጥኩ።

«አይሠራም ማለት ነው?» አለኝ ሰውዬው።

«ይሠራል» አልኩት። ሐሳቤ ግን ከስልኩ ርቆ፣ ልጅ ሳለሁ የሰፈራችንን ገደል ወደወጣንበት አንድ ጠዋት ሄዶ ነበር።

በዚያ ጠዋት ድንጋዩ ሥር የነበርነውን አስቀድሜ ልንገርህ። ዲያቆኑ ነበር፤ ከሁላችን ቀድሞ የሚወጣውና መጫኛውን ከላይ የሚጥልልን እሱ ነው። የልጅቷ አክስት ነበሩ። ልጅቷ ነበረች። ክረምቱን አጎቱ ቤት ሊያሳልፍ ከዓለም ከተማ የመጣው ረጅሙ ልጅ ነበር። እኔ ነበርኩ። ሌላ ማንም አልነበረም። ድሮ ከመካከላቸው አንዱን ባገኘሁ ቁጥር «እስቲ የምታስታውሰውን ጨምርልኝ» እል ነበር። አሁን መጠየቅ ትቻለሁ።

ሰፈራችን ከገደል ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ትምህርት ቤቱም ከገደሉ በላይ ናቸው። በበቅሎ መንገድ የዞረ ሰው ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ ገደሉ በተሰነጠቀበት በኩል የጥንት ሰዎች ድንጋዩን እየቦረቦሩ መርገጫ አበጁለት። ቁመቱ ከአንድ ደህና ባሕር ዛፍ አይበልጥም፤ ግን ቀጥ ያለ ነው። መርገጫዎቹ ስም አላቸው። የታችኛው ሰፊ ስለሆነ ወንበር ይባላል። ከሱ በላይ ቀጭኗና ወደ ጎን የተንጋደደችው የፍየል ጆሮ ናት። ከዚያ እንደ እህል መስፈሪያው ጎድጎድ ያለው ቁና ይመጣል። መጨረሻ ላይ መርገጫ ስለሌለ በመጫኛ ተስቦ መውጣት ነው።

የሚወጣ ሰው ፊቱ ከድንጋዩ ጋር ስለሚጣበቅ እግሩን አያይም። ስለዚህ አንድ ሰው ከታች ቆሞ እግር ይጠራለታል፤ ግራህን ወደ ጆሮ፣ ቀኝህን ወደ ቁና እያለ። አንዱ ሲጠራ ሌላው አፉን ይዘጋል። «ሁለት አፍ አንድ እግር ይሰብራል» ይላሉ ሽማግሌዎቹ። እግሩን ማን እንደሚጠራለት የሚመርጠው ደግሞ ወጪው ራሱ ነው።

ያን ዓመት ትምህርት ቤት ስትሄድ የልጅቷን እግር የጠራሁት እኔ ነበርኩ። እኔ ትምህርት አቋርጬ ስለነበር ከላይ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም፤ ለመጥራት ብቻ ነበር የምመጣው። ግራ እግሯ ከቀኟ ይልቅ እንደሚፈራ አውቃለሁ። ከመርገጧ በፊት ድንጋዩን በእግር ጣቷ ሁለቴ እንደምትነካካ አውቃለሁ። የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ቁና ውሃ እየያዘ ማንሸራተት አመጣ። እኔም ከቁና ትንሽ ወደ ቀኝ የአውራ ጣት የምታህል እብጠት አገኘሁ። ስም ስላልነበራት ሽንብራ አልኳት፤ ለሷ ብቻ ነገርኳት።

«ሰው ሽንብራ ላይ ይቆማል?» አለችኝ ወደ ታች ሳታይ።

«የዘለላት ይወድቃል፤ ያመናት ይቆማል።»

ሳቀች። ያ ሳቅ ለኔ ብዙ ነገር ነበር።

ሐምሌ ላይ ረጅሙ መጣ። ነጭ ጫማ ነበረው፤ ጭቃ ሲነካው ቆሞ በቅጠል ይጠርገው ነበር። እኔ ቃል እስክመርጥ እሱ ሦስት ቀልድ ይጨርስ ነበር። ልጅቷን «እመቤት» ይላታል፤ እሷም «ምን ልታዘዝ ጌታው?» ትለዋለች። በወንዙ ዳር ሲያልፉ በየትኛው ጎኗ እንደሚሄድ፣ ነጠላዋን ስንት ጊዜ እንደምታስተካክል እመለከት ነበር። ባላይ ደስ ባለኝ፤ ግን ማየት ልማዴ ሆኖብኝ ነበር።

የፍልሰታ ጾም የሚፈታበት ዕለት ጎህ ሲቀድ አምስታችን ድንጋዩ ሥር ተገናኘን። ከላይ የኪዳነ ምሕረት ደወል ይሰማል። ዲያቆኑ እንደ ዝንጀሮ ቧጥጦ ወጣና መጫኛውን ጣለ። ቀጥሎ አክስቷ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው በመቀነት ጠፍረው ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ዓይንህ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ እንዳይወጣ።»

«እርስዎም ቁርጭምጭሚትዎን አይደብቁብኝ» አልኳቸው።

«ምላሱን እዩልኝ፤ ዝምተኛ ነው ሲሉኝ» ብለው ወጡ። ጥሩ አድርጌ ጠራሁላቸው።

ልጅቷ ወደ ድንጋዩ ስትጠጋ እኔ ቦታዬን ይዤ ነበር፤ ሁልጊዜ የምቆምባትን ጠፍጣፋ ድንጋይ። ጸጉሯ ለበዓሉ ቅቤ ተቀብቷል፤ ቅቤው ውስጥ የገባው አደስ ይሸታል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና በኔ በኩል አልፋ ረጅሙን አየችው።

«ዛሬ አንተ ጥራልኝ» አለችው።

ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ወረድኩ። እሱ በኔ ቦታ ቆመ።

መጀመሪያ ላይ አላበላሸም። ወንበርን ጠራ፤ ጆሮን ጠራ። እሷ ጆሮ ላይ እንደ ቆመች ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ መጣ። የመንዝን ጉም ታውቀዋለህ፤ ሁለት እርምጃ የራቀህን ሰው ይደብቅብሃል። መጀመሪያ እግሮቿ ጠፉ፤ ከዚያ ሁሉ ነገሯ። ጣቷ ድንጋዩን ሲዳስስ ብቻ ይሰማል።

«አለህ?» አለች ከውስጥ።

«አለሁ!» አለ ረጅሙ። ቁናን ግን አልጠራም። እንደማያይ ገባኝ፤ ሳያይ ደግሞ መርገጫውን አያውቀውም። እንዲጠይቀኝ ጠበቅኩት። አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ያንጋጥጣል እንጂ ወደኔ አልዞረም። ከላይ ትናንሽ ጠጠር መርገፍ ጀመረ። ግራ እግሯ መንቀጥቀጥ ጀምሯል ማለት ነው።

ያኔ ሕጉን ጣስኩ።

«ግራሽን ባለበት ተይው» አልኩ። «ቁና ውሃ ይዟል፤ ተይው። ቀኝሽን ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ሽንብራ። አትቸኩዪ፤ ድንጋዩ የትም አይሄድም።»

ጣቷ ሁለቴ ነካ ነካ ሲያደርግ ሰማሁ። ከዚያ ቆመች። ቀጥሎ የመጫኛው ሲጥሲጥታ፣ ከዚያም አክስቷ «እልል» ሲሉ ተሰማኝ።

ረጅሙ ተራው ሲደርስ የጠራሁለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማን ይጥራለት? ጆሮ ላይ ሆኖ «አሁንስ?» ሲለኝ በአንዲት ቃል ምን ማድረግ እንደምችል አሰብኩ። ግን አንዷንም መርገጫ ሳላሳስት ጠራሁለት፤ ልቤ እየተቃጠለ። እኔ የመጨረሻው ስለነበርኩ የሚጠራልኝ አልነበረም፤ አላስፈለገኝምም። መጫኛው እጄ ሲገባ እርጥብ ጠፍርና አደስ ይሸት ነበር።

ከላይ ስደርስ የጠራላት ረጅሙ ነው ተብሎ ወሬው አልቋል። ጉም ድምፅን ያወፍራል፤ ማን እንደጠራ ያየም የለም።

«እንዴት ያለ ድምፅ ነው ያለህ!» ይለዋል ዲያቆኑ። «ቅዳሴ ብትማር ኖሮ እኔን ከሥራ ታስወጣኝ ነበር።»

አክስቷ ትከሻውን እየዳሰሱ «ልጄን አወጣህልኝ፤ እግርህን እንቅፋት አይምታው» ይሉታል።

«እሷ ጎበዝ ሆና ነው» አለና ሳቀ ረጅሙ።

ልጅቷን አየኋት። ጎንበስ ብላ የነጠላዋን ቋጠሮ ትፈታ ነበር። ቋጠሮው ያን ያህል የጠበቀ አልነበረም። ጉሙ ውስጥ የማን ድምፅ እንደነበር ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ቀና ስትል ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ቀና አለችና «ቅዳሴው እንዳያልፈን» አለች።

ኋላ ተጋቡ። አሁን ዘመሮ ነው የሚኖሩት፤ እሱ የጭነት መኪና አለው። ሠርጋቸው ላይ ያ ጠዋት ተተረከ፤ ከዚያም በየክርስትናው ተተረከ። ዲያቆኑ ዛሬ ቄስ ነው፤ ስጠይቀው «ረጅሙ ነዋ፣ በጆሮዬ የሰማሁትን» ይለኛል። አክስቷን ስጠይቃቸው «አንተም ነበርክ እንዴ?» አሉኝ። ረጅሙ ደግሞ ሲያወራው ሰምቼዋለሁ፤ የሚዋሽ ሰው አይመስልም፤ አምኖታል። መጠየቅ የተውኩት ለዚህ ነው። እሷን ግን ጠይቄያት አላውቅም። መልሷን መስማት እንደማልችል አውቃለሁ።

ዛሬ በበቅሎ መንገዱ ባጃጅ ይዞራል፤ ድንጋዩን የሚወጣ የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ሲፈታ ግን ጭቃው ባጃጁን አገደው። እኔም እናቴን ልጠይቅ ሰፈር ወርጄ ነበር። ጎህ ሲቀድ ልክ እንደዚያን ጊዜው ጉሙ የድንጋዩን የላይ ግማሽ ሸፍኗል። ወደ ድንጋዩ ስቃረብ አንዲት ሴት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ስታሥር አየሁ። እሷ ናት፤ አክስቷን ልትጠይቅ መጥታ ነው። ብቻዋን ነበረች፤ አላየችኝም። እግርሽን ልጥራልሽ ልላት ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

ሳልናገር ጀመረች። ወንበርን አለፈች፤ ጆሮን አለፈች፤ ጉሙ ዋጣት። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ለራሷ።

«ግራሽን ባለበት ተይው። ቁና ውሃ ይዟል፤ ተይው። ቀኝሽን ትንሽ ወደ ቀኝ፤ ሽንብራ። አትቸኩዪ፤ ድንጋዩ የትም አይሄድም።»

የኔም ከንፈር ከሷ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ሁለት አፍ እንዳይሆን ድምፅ አላወጣሁም።