«ኮሶ ጠጥቷል» ብዬ የመለስኩት መልእክተኛ

ይህ ነገር ከደረሰብን በመጪው ጥቅምት ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል። እስከ ዛሬ ከአንድ ጎረቤታችን በቀር ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን የምጽፈው ባለፈው ወር ወንድሜ አንድ ነገር ስለነገረኝና ከዚያ ወዲህ እህል አልዋጥልሽ ስላለኝ ነው።

ስሜ ዘነበች ይባላል። ቤታችን እሪ በከንቱ ነው። አራዳ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ። እናትና አባታችን በኅዳር በሽታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲያልቁብን ወንድሜ ደምሴ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ባል ሳላገባ፣ ልጅ ሳልወልድ፣ እሱን ይዤ ቀረሁ። ይህን የምለው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳልነበረኝ እንድታውቁልኝ ነው።

ደምሴ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛ ተማረ። የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድልድይ መሥራት። ክረምት በመጣ ቁጥር ቀበና ሞልቶ ሰው ወሰደ ሲባል ይሰማል፤ ሄዶም ያያል። «እትዬ፣ ድንጋዩ እዚህ አለ፣ ወንዙ እዚህ አለ፣ የጠፋው የሚያውቅ ሰው ነው» ይለኝ ነበር።

አሥራ ስምንት ዓመት በሞላው ጊዜ አንድ ትልቅ ጌታ በራሳቸው ወጪ አምስት ልጆች ወደ ፈረንሳይ አገር ለትምህርት ሊልኩ ነው ተባለ። አምስተኛው ደምሴ ሆነ። ስሙ መጻፉን የሰማሁ ዕለት ሱቄን ክፍት ትቼ ጊዮርጊስ ሄጄ ተሳለምኩ።

ከዚያ ዝግጅቱ መጣ። ማናችንም ከአዋሽ ወዲያ የሄደ ዘመድ የለንም። ያለን ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ናቸው። ወሎዬ ነጋዴ ናቸው፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ባሕርም መርከብም ያውቃሉ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ተቀምጠው ደምሴን ያስተምሩት ነበር። መርከብ ላይ ሎሚ አሽትት፣ ማዕበል ሲመጣ ውኃውን አትይ፣ ሳጥንህን በገመድ ጥፈርና ስምህን በሁለት ወገን ጻፍበት ይሉታል።

እኔ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ በርበሬውን አዘጋጀሁ። ቅቤ ልጨምር ስል ሐጂ ሳቁብኝ።

«ዘነቡ፣ ቅቤው ጅቡቲ ሳይደርስ ይቀልጥና የልጁን ኮት ይበላዋል። ይልቅ ወረቀቱን አጥብቀሽ ያዢ። በኛ አገር ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እዚያ ግን ወረቀት ያልያዘው ሰው፣ ሰውም አይባል።»

ኮትና ሱሪ ህንዱ ሰፋለት። ፎቶግራፍ አርመኑ አነሳው። ደምሴ አትንቀሳቀስ ሲባል ትንፋሹንም ይዞ ስለነበር ፎቶግራፉ ላይ ዓይኑ ፈጦ ወጣ። ጫማ ግን አስቸገረን። ከዚያ በፊት ጫማ አድርጎ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት ከእሪ በከንቱ እስከ ጊዮርጊስ ዳገቱን በጫማ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ማታ እግሩን በጨው ውኃ እዘፈዝፍለታለሁ። ከግሪኩ ግሮሰሪ ሹካ ተውሼ ድንች ቀቅዬ አስለምደው ጀመር። አንድ ድንች ሦስት ጊዜ ከሹካው አምልጦ መሬት ወደቀበት።

«እትዬ፣ እኔ በዚህ እስክጠግብ ባቡሩ ጅቡቲ ደርሶ ይመለሳል» አለኝና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

መሄጃው ሐሙስ ተቆረጠ። ረቡዕ የፈረንጅ ሐኪም አይቶ የጤና ወረቀት ይሰጣል፤ ያለዚያ ወረቀት መርከቡ ሰው አይቀበልም ተባለ። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። የቀረ የመሰለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሐጂ፣ እዚያ አገር ኮሶ አለ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኮሶ? ኮሶ ከዚህ አገር ምን አባቱ ያስወጣዋል!» አሉኝ።

እኛ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተን ሆዳችንን ካላጠራን ጤነኛ ነን አንልም። ልጁ አራት ዓመት ያለ ኮሶ ሊኖር ነው። ሐኪሙም ሆዱ ጠርቶ ቢያየው ይሻላል አልኩ። ሰኞ ይጠጣል፣ ማክሰኞ ያገግማል፣ ረቡዕ ሐኪሙ ፊት ይቀርባል። ሒሳቤ ይህ ነበር። ለማንም ብነግረው ኖሮ ልክ ነሽ የሚለኝ ይመስለኛል።

ሰኞ ማለዳ ኮሶውን ራሴ ወቅጬ በጠላ በጠበጥኩት። አንድ ዋንጫ ጠጣ። ሁለተኛ ቀዳሁለት።

«እትዬ፣ ይበቃል።»

«ያኛው የዚህ ወር ነው፣ ይኼኛው የፈረንጅ አገር ነው። ጠጣ!»

አፍንጫውን ይዞ ጠጣው። እምቢ ብሎኝ አያውቅም።

ረፋዱ ላይ ያዘው። አስመለሰው፣ አላበው፣ ግድግዳ ይዞ ቆመ፣ በኋላ መቆምም አቃተው። «ቤቱ ይዞርብኛል» አለኝ። ሁለት ዋንጫ ስለሆነ ነው፣ ያልፋል ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ቀትር ላይ ሰው ከደጅ ተጣራ። ብወጣ ሽበታም ሰውዬ ነው፤ በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ላይ ወረቀት ይዟል። ከጌታው ቤት ነው የመጣው።

«ደምሴ የሚባለውን ልጅ ፈልጌ ነበር እመቤቴ። ለእጁ ስጥ ተብያለሁ።»

«ኮሶ ጠጥቷል» አልኩት።

ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ኮሶ የጠጣ ሰው አይጠራም፣ አይጠየቅም፣ ክፉም ደግም አይነገረውም። ጌታ ሎሌውን ቢያስጠራ፣ ዳኛ ባለጉዳዩን ቢያስጠራ፣ ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ነገሩ ለነገ ይደርሳል። የሚቆጣ የለም። ሰውዬውም ወግ አዋቂ ነውና ወዲያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ውይ! እንዲያ ከሆነማ እግዜር ይማረው። ነገ በማለዳ እመጣለሁ» ብሎ ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ምን መልእክት ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። ወረቀቱን ስጠኝ አላልኩትም። ብቀበለውስ? ያን ጊዜ እኔም ፊደል አልቆጠርኩ፣ ሰውዬውም አልቆጠረ። ነገሩ ግን ደምሴ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተኝቶ ነበር። ቢያቃስትም ማንበብ አያቅተውም ነበር።

ሰውዬው ቃሉን አክብሮ ማክሰኞ በማለዳ መጣ። ደምሴ ወረቀቱን ከፍቶ አነበበ። ፊቱ እንደ ጭቃ ሆነ።

«ምን ይላል?» አልኩት።

«ሐኪሙ ሌላ አገር ስለተጠራ ምርመራው ወደ ትናንት ዞሯል ይላል። ትናንት በዘጠኝ ሰዓት።»

እንዴት እንደለበሰ አላውቅም። ኮቱን ደረበ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ ደግፌው ዳገቱን ወጣን። ሰው ሰክሯል ብሎ ያየን ነበር። ሐኪሙ ቤት ስንደርስ በቅሎዎቹ ተጭነው ደጅ ቆመዋል። ሐኪሙ እዚህ አገር ከመጣ ሁለት ወር አልሞላውም አሉ። ነጭ ኮት የለበሰ፣ ከጌታው ቤት የተመደበ ወጣት አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሟል።

ይመስገነው፣ ሐኪሙ አላባረረንም። ደምሴን አስቀምጦ የዓይኑን ቆብ ገልጦ አየ። ምላሱን አየ። እጅህን ዘርጋ አለው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን ሆኖ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ኮሶ ጠጥቶ ነው በለው። ትናንት ነው የጠጣው፤ ነገ ይበረታል» አልኩ።

አስተርጓሚው ወደኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እመቤቴ፣ በፈረንጅ ፊት የሆድ ትል ልናገር? አገር አያሰድቡ እንጂ» አለኝ። ዞር ብሎም ለሐኪሙ አጭር ነገር ተናገረ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ወረቀት ላይ ጽፎ ብዕሩን ከደነ።

«የታመመ ሰው መርከብ አይቀበልም ብሏል። ለከርሞ ይሁን ብሏል።»

«አልታመመም እኮ! ምን ብለህ ነገርከው?»

«ታሟል ነው ያልኩት። ለሁላችንም የሚያምረው እሱ ነው።»

«ደምሴ! አንተ ንገረው እንጂ፣ ቋንቋውን ታውቅ የለ!» ብዬ ጮህኩ።

ደምሴ ጫማውን ያያል። አንድ ቃል አልወጣውም። ወይኔ፣ በሁለት ዋንጫ ኮሶ ልጁን አደንዝዤዋለሁ፣ አፉን ዘግቼዋለሁ አልኩ። የሐኪሙ እግር ሥር ወድቄ አለቀስኩ። ሐኪሙ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ጌታው ያን ሰሞን ወደ ግዛታቸው ወርደው ስለነበር አቤት የምንልበት አልነበረም። ሐሙስ ባቡሩ አራቱን ልጆችና በደምሴ ፈንታ ሌላ ልጅ ይዞ ሄደ። ሐጂ ኑሩ ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን በእጃቸው መቱ። «ምነው የኮሶን ስም እንኳ ለሐኪሙ ብትጠሩለት! እዚህ የከረሙት ፈረንጆች እኮ ኮሶን ያውቁታል። እነሱን ጠይቆ ይረዳ ነበር» አሉ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስ። በዓመቱ ጌታው አረፉ፤ ከርሞ የተባለውም በዚያው ቀረ።

ደምሴ ለገሃር ሥራ ያዘ። የተጓዦችን ሳጥን ይመዘግባል፤ በላዩም ስማቸውን በሁለት ወገን ይጽፋል። የሱ ሳጥን እኔ ሱቅ ውስጥ ነው፤ በርበሬ አስቀምጥበታለሁ። ማታ ማታ ፊደል ያስተማረኝም እሱ ነው። ሌላ ወረቀት ሳላነበው ደጄ ቆሞ እንዳይመለስ ብዬ ለመንኩት፤ ሳይሰለች አስተማረኝ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አልወቀሰኝም። እኔ ግን በየጊዜው «በገዛ እጄ ገደልኩህ» እለዋለሁ። እሱም «ተይው እትዬ» ይለኛል። እንዴት ያለ ደግ ልጅ ነው እያልኩ ይብሱን አለቅስ ነበር።

ባለፈው ወር በሱ ፈንታ የሄደው ልጅ፣ ከትምህርቱ በኋላ እዚያው ሲሠራ ቆይቶ፣ ተመልሶ መጣ። አራት ሳጥን ይዞ ወረደ። የመዘገበው ደምሴ ነው። ልጁ ደምሴን ማን እንደሆነ አላወቀውም፤ አመስግኖት አለፈ።

ደምሴ ቤት ገብቶ ጫማውን አወለቀና መደቡ ላይ ተቀመጠ። እራት አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«እትዬ፣ አስተርጓሚው ታሟል ሲል ሰምቼዋለሁ» አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም።

«ደንዝዤ አልነበረም። ሁሉንም እሰማ ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስም አውቅ ነበር፤ አምስት ቃል አይሞላም። በልቤ ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ። ሆዴ ውስጥ ትል አለ ብሎ ለፈረንጅ መናገር አሳፈረኝ። በዚያ ኮትና በዚያ ጫማ ተቀምጬ አፈርኩ።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምነው ሳትነግረኝ?»

ያወለቀውን ጫማ አስተካክሎ አስቀመጠ።

«አንቺ ጥፋቱን ተሸከምሽልኝ። ቀለለኝ።»

ተነሥቼ ሳህኑን አነሳሁ። ሌላ የማደርገው ነገር አጣሁ።

አሁን ምን እንደሚሰማኝ ብጠየቅ ደስ የሚል መልስ የለኝም። ሸክሜ የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም። ኮሶውን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ፣ ሁለተኛውን ዋንጫ የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ መልእክተኛውንም የመለስኩት እኔው ነኝ። የሱ ጥፋት በኔ ላይ ተጨመረ እንጂ የኔን አልቀነሰልኝም። ልቆጣውም ሞክሬ ነበር፤ ቁጣው አልመጣልኝም። ክረምቱ ገብቷል፤ ትናንት ቀበና ደግሞ ሰው ወስዷል አሉ። ደምሴም ሰምቷል፤ ሄዶ ግን አላየም። ጠዋት ጫማውን አድርጎ የሰው ሳጥን ሊመዘግብ ለገሃር ወረደ።