በብስኩት ካርቶን ላይ የተሳለው ወታደር

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ እኔን ፍለጋ ቡራዩ ድረስ መጣ። የድሮ የጦርነት ስዕሎችን የሚሰበስብ ሰው ነው። የታተመውን አይፈልግም፤ ሠዓሊው በእጁ የሳለውን ዋናውን ነው የሚፈልገው። እኔ ዘንድ መኖሩን ከማን እንደሰማ አልጠየቅኩትም፤ እንግዳ ፊት ብዙ መናገር አይሆንልኝም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስዕሎቹን ከፌስታል አውጥቼ አልጋው ላይ ደረደርኩለት። አንዱን አነሳና ወደ በሩ ብርሃን አዙሮ ሳቀ።

«ይሄ ፈሪ ወታደር ግሩም ነው! ሠዓሊው ማንን እያየ ነው የሳለው?»

ሻይ ላፍላ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ውሃው እስኪፈላ ድረስ ያ ጥቅምት ዓይኔ ላይ መጣ።

አባቴ በድንበሩ ጦርነት ሲሞት እኔ ገና አልራመድም ነበር። መርዶውን ያመጡልን አብረውት የዘመቱት ኦቦ ደበላ ናቸው። ቤታቸው ገፈርሳ፣ ከግድቡ በላይ ነው። መርዶ ነጋሪ ተናግሮ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን አልቀሩብንም። በየበዓሉ በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ ይዘው ይመጡ ነበር። እናቴ ብሎኬት ማምረቻ አሸዋ ስትሸከም ትውላለች፤ እኔም ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ሱቅ ድንችና ሽንኩርት እሸጥ ነበር። ኦቦ ደበላ ሱቄ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «ሰው ዓይን እያየሽ ሽጪ እንጂ፣ ድንቹን ምን ታይዋለሽ፣ አይሸሽሽም» እያሉ ይቀልዱብኛል። አባባ እላቸው ነበር። ሌላ አባባ የምለው ሰው አልነበረኝም።

ስዕሎቹን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ በመጡ ቁጥር አንድ አንድ። ጦር ሜዳ ሳሉ ለጦር ክፍላቸው የግድግዳ ጋዜጣ ይስሉ ነበር። እያንዳንዱ ስዕል በትንንሽ ቤቶች የተከፋፈለ ነው፤ ወታደሮቹ የሚሉት ከአፋቸው በወጣ አረፋ ውስጥ ይጻፋል። ወረቀት ስለማይገኝ የሳሉት በብስኩት ካርቶን ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ቀለም ሲያልቅ ባትሪ ድንጋይ ሰብረው ጥቁሩን ዱቄት በውሃ ይበጠብጡታል። ይህን ሁሉ እሳቸው ነገሩኝ። እኔም ቀስ በቀስ ማየት ለመድኩ፤ ከቀለሙ ሥር የቀረውን የእርሳስ መስመር፣ የሚስማር ቀዳዳውን፣ የደረቀውን የሻማ ጠብታ። አንድ ሰው እዚያ ጦር ሜዳ አጎንብሶ ይህን ነክቶታል ብዬ ሳስብ ደረቴ ይሞቀኛል። እናቴ ግን «ጦርነት አታሳዪኝ» ስላለች አንድም ቀን አላየቻቸውም። ሱቅ ነበር የማስቀምጣቸው።

ከሁሉም የምወደው በየስዕሉ የሚመላለሰውን ወታደር ዘገዬን ነበር። ጥይት ሲጮህ ራሱ ላይ ድስት ደፍቶ ይተኛል፤ ጓዶቹ ምሽግ ሲይዙ እሱ ጫማውን ይፈልጋል። የግራ ቅንድቡን ሰቅሎ በአንድ ጉንጩ ይስቃል። ገበያ ሲቀዘቅዝ እሱን እያየሁ ብቻዬን እስቅ ነበር። አንዱን እንዲያውም ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ጥቅምት ላይ ነው፤ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ከጫንጮ ድንች የሚያመጣልን የአይሱዙ ሹፌር ጆንያ እያወረደ ቀና ሲል ስዕሉን አየ።

«እንዴ! ይሄ ዘገዬ አይደለም? ኧረ ተሾመ ነው! የጫንጮው ተሾመ! ቅንድቡን እይማ!»

ተሾመ አባቴ ነው። ቤታችን ያለችው አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት፤ እሷም ላይ እንደ ተቀጣ ልጅ ደርቆ ቆሟል እንጂ አይስቅም። እጄን ቅንድቤ ላይ አደረግኩ። ልጁ ነኝ ማለት አቃተኝ።

«ያውቁት ነበር?» አልኩ በቀስታ።

«አንድ ክፍል ነበርን እኮ! ደበላ የሚባል ሠዓሊ ነበረን፣ ጉድ ነው የሠራው። ጋዜጣው ከተለጠፈ በኋላ ማን ተሾመ ይበለው? ዘገዬ ና፣ ዘገዬ ጫማህን አገኘህ ወይ... ምግብ ሲታደል እንኳ ድስት ነበር የሚያሳዩት። መጨረሻ ላይ መረረውና ፊት መስመር ውሰዱኝ ብሎ ለመነ። ወሰዱት።» ጆንያውን ሲያስቀምጥ ፈገግታው ጠፋ። «ፈሪ አልነበረም፣ ምስኪን። ያስቅ ነበር እንጂ።»

በማግስቱ ሱቁን ዘግቼ በእግሬ ገፈርሳ ሄድኩ። ከባሕር ዛፉ ሥር ውሃው ተኝቷል፤ ቅጠሉ ገና ጤዛውን አላራገፈም። ኦቦ ደበላ በረት ሲጠርጉ ደረስኩ።

«አካም ቡልቴ፣ ልጄ! በብርድ ደግሞ... ነይ ወተት ጠጪ።»

አልጠጣሁም። «አባባ፣ ዘገዬ አባቴ ነው?»

መጥረጊያውን አጥሩ ላይ አስደገፉ። «ማን ነገረሽ?»

አይደለም ቢሉኝ ኖሮ አምናቸው ነበር። ያን ያህል አምናቸው ነበር።

«አለቆቹ የሚያስቅ ወታደር አምጣ አሉኝ» አሉ። «ከኛ ውስጥ የሚያስቅ ሰው ተሾመ ነበር። የመጀመሪያውን ሲያይ እሱም ስቋል፣ ዋቃ ያውቃል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እሱ መሳቅ ተወ። እኔ መሳል አልተውኩም።»

«ለምን?»

ጥጃዋ መጥታ እጃቸውን ላሰች።

«ቀጣዩን የዘገዬ ስዕል ሁሉም ይጠብቅ ነበር። እሱን እስከሳልኩ ድረስ ምሽግ አያወርዱኝም ነበር።»

እሳቸው ስዕል ይዘው ከኋላ ቀሩ፤ አባቴ ስዕሉን ሽሽት ወደ ፊት ሄደ። ከዚያም መጥተው መርዶውን ለእናቴ ነገሯት፣ ጭኳቸውን አበሉን፣ እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው አሳቁኝ። በማን እንደምስቅ እያወቁ።

«ታዲያ ለምን ለኔ ሰጡኝ?» ድምፄ ወጥቶ የማያውቀውን ያህል ጮክ ብሎ ወጣ።

«ፊቱን እንድታውቂው ነዋ» አሉ። «ሌላ ቦታ የለም።»

ዞሬ ወረድኩ። «ልጄ፣ ልጄ» ሲሉኝ ይሰማኛል፤ ከዚያ ወዲህ አባባ ብያቸው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። በዓል ሲመጡ ጭኮውን ተቀብላ መረቀቻቸው፤ እኔ ጓዳ ተቀመጥኩ። ስዕሎቹን ላቃጥል ሁለት ጊዜ ያህል እሳት አጠገብ ይዤ ቆሜያለሁ። ግን አባቴ የሚስቀው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ሻዩን ለእንግዳው አቀረብኩለት። ስዕሉን አሁንም ይዞታል፤ ኤግዚቢሽን ላይ ቢሰቀል እንዴት እንደሚያምር ይነግረኛል። ከእጁ ተቀበልኩት።

«አባቴ ነው» አልኩት። «ፈሪም አልነበረም።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ይቅርታ ሲለኝ ምንም አላደረግክም አልኩት፤ እውነትም እሱ ምንም አላደረገም። ስዕሉ አይሰጥም አልኩት፤ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ለብቻዬ ሳየው ቆየሁ። ጠላት ቢስለው ኖሮ ስዕሉ እንዲህ አባቴን አይመስልም ነበር። ያቺን ቅንድብ፣ ጉንጩ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ፣ አንገቱን ሰበር የሚያደርግበትን አኳኋን ለይቶ የሚያውቅ ብዙ ጊዜ አብሮት የሳቀ ሰው ነው። ኦቦ ደበላ አባቴን ይወዱት ነበር። እየወደዱት ነው የሳሉት። ባይወዱት ኖሮ ይቅር ማለቱ አይከብደኝም ነበር።