«ገባች» እና «ሞላት»

ልጅቷ የሌላ ሴት ልጅ ብትሆን ኖሮ ዕድሜዋን ልክ አድርጌ እጽፍ ነበር? ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። አንዳንድ ቀን «አዎን» እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ እንዲያ የምለው ራሴን ለማዳን መሆኑ ይገባኛል። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ እየተናገርኩ፣ ይህቺን አንዲት ነገር ብቻ እየዘለልኩ ተነሥቻለሁ። እዚህ የምጽፈውን ከአንድ ሰው በቀር ማንም አልሰማውም።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። የቤቱ በኩር ስለነበርኩ ታናናሾቼ ራሳቸውን እስኪችሉ ከቤት አልወጣም ነበር። አንደኛ ክፍል ስገባ ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ ወደ ጎን ዞሬ ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ «ባልቴቷ መጣች፣ ተነሡላት!» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ አሰገደች ስምንተኛ ክፍል ነበረች። አሰገደች ጎረቤቴ ናት፤ እኩያዬ፣ ውኃ አብራኝ የምትቀዳ። አባቷ በሰባት ዓመቷ ደብተር ገዝተው ላኳት። እሷ ግን ስምንተኛን ሳትጨርስ «ራሴን ያመኛል» ብላ ተወችው። ተወችው! እኔ በሌላ ሰው መስኮት አጮልቄ የኖርኩበትን ቤት እሷ በሩን ዘግታ ወጣች፤ አንድ ቀን እንኳ ሲቆጫት አላየሁም።

ቀናሁባት። ቃሉን ላሳምረው አልፈልግም። እኔ በመከራ አሥረኛን ጨርሼ፣ ሠልጥኜ፣ ደመወዝተኛ ሆኜ ስመለስ እሷ አግብታ ቤቷ ሳቅ ሞልቶት ነበር። እኔ ባልም ልጅም አላገኘሁም። ሴት ልጅ ስትወልድ «ክርስትና አንሺልኝ» አለችኝ። ልጅቷ የተወለደችው መስከረም ውስጥ፣ ከመስቀል በሦስተኛው ቀን ነው። በሰማንያ ቀኗ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ በእነዚህ ክንዶቼ ታቅፌ ክርስትና አስነሣኋት። ስሟ ማስተዋል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአሰገደች ጋር «አበልጄ» መባባል ጀመርን። ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም፤ የልጅቷን የልደት ቀን ከእናቷ ይልቅ አጥብቄ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በቀበሌያችን የምታወቅበት አንድ ጥያቄ አለኝ። እናቶች የልጅ ዕድሜ ሲጠየቁ «ሦስት ገባች» ይላሉ። ሦስት ገባች ማለት ሁለት ሞላት ማለት ነው፤ መዝገቡ የሚፈልገው ግን የሞላውን ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን እናት «ገባች ነው ሞላት?» እያልኩ መፈናፈኛ አሳጣታለሁ። በዚህ የተነሣ «እትዬ ሞላት» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙን ወድጄው ነበር። እንደ ሹመት ነበር የማየው።

ማስተዋል በተወለደች በስምንተኛው ዓመት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ አሰገደች እጇን ይዛ ጤና ኬላው መጣች።

«አበልጄ፣ ደረቷ ላይ እንደ አተር የጠጠረ ነገር አለ፤ ሲነካ ያማታል። ቁመቷንም አየሽው? ቀሚሱ አንድ ክረምት አይሻገርም። ዓይን ይሆን?»

እናቷን አጠገቧ አቁሜ አየኋት። ቁስል አይደለም፣ ዕጢም አይደለም። ራሷን ያማት እንደሆነ፣ ዓይኗ ይጋረድ እንደሆነ ጠየቅሁ። ከግድግዳው ሜትር ጋር አቁሜ ለካሁና ካርዷ ላይ ካለው ያለፈ ዓመት ልክ ጋር አስተያየሁት፤ በዕድሜዋ ያለ ልጅ በዓመት ከሚያድገው በጣም አልፎ ነበር። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በሥልጠና መጽሐፌ ላይ ከሥሩ ያሰመርኩበት ነገር ነው። ሴት ልጅ ስምንት ዓመት ሳይሞላት የጉርምስና ምልክት ካሳየች «ቶሎ አደገች» ብለው አይተዉትም፤ ሐኪም ዘንድ ይልኳታል። እዚያ የእጇን አጥንት ራጅ አንሥተው አጥንቱ ዕድሜዋን ቀድሞ እንደሆነ ያያሉ፤ ከጀርባው ሌላ ሕመም መኖር አለመኖሩን ይመረምራሉ፤ ካስፈለገም ዕድገቱን በመርፌ ያዘገዩታል። ከስምንት በኋላ ከሆነ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ በክትትል ይታለፋል። ድንበሩ ስምንት ነበር። ማስተዋል ደግሞ ሰባት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር።

እጄን ስታጠብ ልጅቷ ያን መጽሐፍ ከጠረጴዛው ላይ ስባ ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። አንድም ፊደል አላደናቀፋትም። እናቷ በሳቅ ፈነዳች።

«ኧረ ጉድ! አበልጄ፣ አንቺ በአሥራ አራትሽ ‹ሀ ሁ› ስትቆጥሪ አልነበር? ይቺማ በለጠችሽ!»

ክፋት አልነበረባትም። አሰገደች እንዲህ ናት፤ የምትወደውን ሰው ነው የምትነቁረው። እኔ ግን ጆሮዬ ጋለ። ልጅቷን አየኋት። ከእኩዮቿ ሁሉ ረዝማለች፣ ከክፍሏም አንደኛ ናት። በእኔ ጊዜ መሳለቂያ የነበረው ትልቅነት በእሷ ላይ እንዴት ጌጥ ሆነ?

«ዕድሜ?» አልኩ፣ መዝገቡን ስቤ።

«ስምንት ገባች» አለች አሰገደች።

ብዕሬ ቆመ። ጥያቄዬ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት መቶ እናት ያስጨነቅሁበት ጥያቄ! ያን ቀን አልጠየቅሁም። መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር፤ አውቀዋለሁ። «8» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ሳልቸኩል ጻፍኩ። ከዚያም ቀና ብዬ «ምንም አይደል፤ ፈጣን ዕድገት ነው፤ ሂዱ» አልኩ።

ምን ፈልጌ ነበር? እንድትታመም? አይደለም። እንድትሞት? እግዚአብሔር ያውቃል፣ አይደለም። ታዲያ ምን? እንድትበልጠኝ አልፈለግሁም። ትልቅ ሆኖ ከትናንሾች መሐል መቀመጥ ምን እንደሚመስል እንድታየው ፈልጌ ነበር።

አየችው። በዘጠኝ ዓመቷ ክፍል ውስጥ ሳለች የወር አበባዋ ድንገት መጣባት። ልጆቹ «እማማ፣ ልጆችዎን ለማን ትተው መጡ?» እያሉ ተሳለቁባት፤ ያን መንፈቅ ከትምህርት ቤት ቀረች። ሁለት ዓመት ያህል ከሁሉም ረዝማ ቆየችና ዕድገቷ ቆመ። እኩዮቿ አንድ በአንድ ደረሱባት፣ አለፏትም። ዛሬ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከትከሻዬ አትደርስም፤ እኔም ረጅም አይደለሁም።

ባለፈው ክረምት ጭቃ አንሸራትቷት ክንዷ ተሰብሮ ደብረ ብርሃን ወሰድናት። ሐኪሙ ራጁን አይቶ የአጥንቷ ማደጊያ ዱሮ እንደተዘጋ፣ ከእንግዲህ እንደማትረዝም ነገረን። «የጉርምስና ምልክት ሲጀምራት ስንት ዓመቷ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አሰገደች ወደ እኔ ዞራ፣ «አበልጄ ታውቃለች፤ እሷ ከቁጥር ዝንፍ አትልም» አለችው። እንዲህ አለች፤ በኩራት። እኔም «ስምንት ገብታ ነበር» አልኩ። ሁለተኛ ዋሸሁ፤ ያውም በእውነተኛ ቃል። ሰውየው «አይ፣ ያኔ ብትመጣ ኖሮ…» ብሎ ተወው። መርፌው ይረዳት ነበር? ላይረዳትም ይችል ነበር። ግን ይህን የማወቅ ዕድሏን የነጠቅኋት እኔ ነኝ፤ «ላይረዳት ይችል ነበር» በሚለው ጀርባ ልደበቅ አልችልም።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም ማስተዋል የተዋሰችውን መጽሐፍ ልትመልስ ቤቴ መጣች። ቆማ ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ልታወርድ ብትንጠራራ አልደረሰችበትም። ስቃ «እትዬ፣ በርጩማሽ የት ነው?» አለችኝ።  በርጩማው ላይ እኔ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። መዝገቡን፣ ቁጥሩን፣ «ገባች» ስትባል «ሞላት?» ብዬ አለመጠየቄን፣ ሐኪሙ ፊት ያልኩትን። «ቀናሁብሽ» አልኳት። «የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ቀናሁ።»

ይቅር በይኝ አላልኳትም። ምን አፍ አለኝ?

 ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«ያን ዓመት ‹ሰባት ሞልቶሻል፣ ጹሚ› ተባልኩ። በሁዳዴ ተደብቄ ወተት ጠጣሁ። ከዚያ ደረቴን አመመኝ፣ ልጆቹ ይስቁብኝ ጀመር። ጾሙን ስለሻርኩ የመጣብኝ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ ሁዳዴ ሲገባ፣ ከጓሮ ሆኜ በየቀኑ አርባ አንድ እሰግዳለሁ። ዛሬ ጧትም ሰግጄ ነው የመጣሁት።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። መጽሐፉን አልወሰደችም። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ፣

«እትዬ፣ ያን ሁሉ ስግደት ለማን ኃጢአት ነበር የምሰግደው?» አለችኝና ወጣች።