መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ

አቶ ኦቶካር ፀጉራቸው የሸበተው እኛ ሠፈር ካፌ ውስጥ ሲያስተናግዱ ነው። ልጄ ሬዚ መራመድ የለመደችው በጠረጴዛዎቻቸው እግር መሀል ነው፤ ወተቷን ሲያመጡላት ጎንበስ ብለው «እመቤቴ፣ ትኩስ ነው» ይሏታል።

ቪየና ውስጥ አንድ ስኒ ቡና አዝዞ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠን ሰው ተነሥ የሚለው የለም። ወይዘሮ ናቭራቲል ይህን ያውቁበታል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በየጠዋቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ጋዜጣውን ከነሞት ማስታወቂያው ያነባሉ፤ አቶ ኦቶካርም የውሃ ብርጭቋቸውን ይቀይሩላቸዋል። ቤት የሚጠብቃቸው ሰው የለም።

ባለፈው ጸደይ የካፌው ወጣት ባለቤት ግሬጎር የነሐስ ሰሌዳ አሠርቶ መጣ። «ስታሊን እዚህ ተቀምጦ ነበር» ይላል።

«የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊነሣ አንድ ዓመት ሲቀረው እሱም፣ ሂትለርም፣ ትሮትስኪም እዚህ ከተማ ነበሩ። ቱሪስት ይህን ይወዳል» አለና ወደ መስኮቱ አመራ።

«ወይዘሮ ናቭራቲልስ?» አሉ አቶ ኦቶካር።

«መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ጠረጴዛ አለ አይደል?»

«ሰውዬው መስኮት ሥር መቀመጡን ማን ነገረህ?»

«ማንም። እዚህ ቤት መግባቱንስ ማን ያውቃል?»

«እንግዲያው መዋሸትህ ካልቀረ አስተካክለህ ዋሽ፣ ልጄ! ከፖሊስ የሚደበቅ ሰው መስኮት ሥር ይቀመጣል?»

ግሬጎር ራሱን አከከ። ሰሌዳው መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ታሰረ።

ቱሪስቱ ጎረፈ። አንድ ቀን ታዲያ ወይዘሮ ናቭራቲል ከመስኮቱ ተነሥተው ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሲሄዱ ፎቶ የሚነሣው ሕዝብ በሩን ዘግቶታል። አሳልፉኝ ቢሉ ማን ይስማ!

«እናንተ ሰዎች! እሱ ከሞተ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ የኔ ጉዳይ ግን አሁን ነው!»

አስጎብኚው ሲተረጉመው ሁሉም በሳቅ ፈነዳ፤ መንገድ ተከፈተ። ሲመለሱም አንዱ ወጣት ተከትሏቸው ስታሊንን አይተውት እንደሆነ ጠየቃቸው።

«የመቶ ሃያ ዓመት ሰው እመስላለሁ? ይልቅ የባሌን ልንገርህ። የትራም ሾፌር ነበር። አግቢኝ ሊለኝ ትራሙን ከነተሳፋሪው ደጅ አቁሞ ገባ። እኔ እዚችው ቁጭ ብዬ ሳስብ ተሳፋሪው ደወሉን ያንቃጭላል!»

«ከዚያስ?»

«ሰው ቸኩሏል፤ ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩት።»

ወጣቱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ወዲያ አስጎብኚው እንግዶቹን የሚያመጣው በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሆነ።

በሳምንቱ ግሬጎር ሌላ ሰሌዳ ይዞ መስኮቱ ሥር ሲያጎነብስ አቶ ኦቶካር ክው አሉ። ጠጋ ብለው አነበቡት፦ «ወይዘሮ ናቭራቲል እዚህ ይቀመጣሉ»።

«አንተ ልጅ፣ ገና አልሞትኩም እኮ!» አሉ ወይዘሮ ናቭራቲል።

«ለዚህ እኮ ነው ይቀመጣሉ ያልኩት።»

አቶ ኦቶካር ካቻቪቴውን ከእጁ ተቀበሉት።

«አምጣ፣ እኔ ላስረው። ይህኛው እንኳ እውነት ነው።»