የአባቱን ዘር የቀበረው ከትበርት

ዊኒፍሬድማ ምን ታድርግ እቴ፤ ባሏ ከትበርት ጓሮውን በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ እያጠጣ ሰፈሩን ሁሉ አገማብን። የከሰል ቆፋሪዎቹ ክበብ የሚውሉት ወንዶች «ወጡ መቼ ነው የሚደርሰው?» እያሉ አበሸቁት። እሷ ልብሷን ሰብስባ እህቷ ዘንድ ሄደች። «ሽታው ሲለቅህ ጥራኝ» አለችው አሉ። እሱ ለሽንኩርት መደቡ እንጂ ለሷ መች ተጨነቀ!

መደቡ የአባቱ ነው። እኛ ሰፈር ከሰል ቆፋሪ ሁሉ የሚመዘነው በባሮ ሽንኩርቱ ውፍረት ነው፤ መስከረም ላይ ክበቡ ጠረጴዛ ላይ ይደረደርና ዳኛ ይለካዋል። ከትበርትም የአባቱን ዘር ከዓመት ዓመት ሲያሸጋግር ኖረ። ኋላ ነጭ ሻጋታ የሚሉት የሽንኩርት በሽታ መደቡ ውስጥ ገባበት። ሥሩን እንደ ጥጥ አልብሶ ይበላዋል፤ ሲጠግብም አፈር ውስጥ ስንት ዓመት ይተኛል።

ከግብርና ኮሌጅ የመጣች ልጅ መላ ነገረችው፤ መደቡን የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ አጠጣው አለችው። አፈር ውስጥ ባክቴሪያ የሚሏቸው፣ ለዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ፤ የሽንኩርቱን ድኝ እየበሉ ያንን ግማት የሚያወጡት እነሱ ናቸው አለችው። የተኛው ሻጋታ ሲሸተው ሽንኩርት መጣልኝ ብሎ ይነቃል፤ መደቡን ባዶ ሲያገኘው በረሃብ ይሞታል።

«ዘንድሮ ግን ምንም እንዳትተክል» አለችው።

«ለከርሞ ማን አለ ብለሽ?» አላት።

ደረቱ በከሰል ትቢያ ታፍኖ ደረጃ መውጣት አቅቶት ነበር። ሐኪሙ ያለውን ዊኒፍሬድ ሹክ ብላኛለች፤ ለማንም አትንገሪ ስላለችኝ አልናገርም፣ ገናን አያይም ነው ያላት። አንድ ጎረቤቱ «እኔ ጓሮ ትከል» ቢለው፣ «በሰው አፈር ካሸነፍኩ የሚሸለመው አፈሩ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ጭማቂውን አጠጣና በሳምንቱ የአባቱን ዘር በሙሉ እዚያው ተከለ፤ አንዲት እንኳ አላስቀረም። የራበውን ቀስቅሶ ማዕድ መዘርጋት አይደል?

ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሳብ ሲያደርገው ሥር የሚባል የለውም። በአጥር በኩል አየሁት፤ ይስላል እንጂ አያለቅስም።

«አባቴን ሁለቴ ቀበርኩት» አለኝ።

እውነትም ገናን ሳያይ ሞተ፣ ነፍስ ይማር። ሰው ግን እስከዛሬ የሚያነሳበት የመስከረሙን ጉድ ነው። ክበቡ ባዶ እጁን መግባት አሳፍሮት፣ ሁለት ባሮ ሽንኩርት በፎጣ ጠቅልሎ፣ ከእህቷ ዘንድ የተመለሰችውን ዊኒፍሬድን ተደግፎ መጣ። ቀጫጭን ናቸው፤ ሰውም አዝኖለት ጠረጴዛው ላይ ቦታ ለቀቀለት። ዳኛው ሊለካ አንስቶ ገልበጥ ቢያደርገው፣ ባለሱቁ ያሰረበት ላስቲክ አልተፈታም።