ቀሚስ የፈሩት ዝንጀሮዎች

ልጄ በኢላማ ተኩስ ስሟ ከተጠራ ወዲህ የጋምቤላ ባጃጅ ነጂ ሁሉ «የተኳሿ እናት፣ ይግቡ!» ይለኛል። እኔ ግን ጥይት ሲጮህ ዛሬም አልጋ ሥር እገባለሁ። የእሷ ነገር የጀመረው በድንጋይ ነው።

ገጠር፣ ጎግ ሳለን አባቷ ሞተና በቆሎውን የሚጠብቅልን ጠፋ። በቆሎውን ዝንጀሮ ከጨረሰው የምንበላው የለንም። ዝንጀሮ ደግሞ ሴት ይንቃል፤ ብጮህበትም ቁጭ ብሎ እየሸለቀቀ ይበላል። ወንድ መስላ እንድታስፈራው ብዬ ልጄን በቀሚሷ ላይ የአባቷን ሱሪ አልብሼ ማሳው መሃል ማማ ላይ አወጣኋት። ትልቁ ዝንጀሮ ቀና ብሎ አየት አደረጋትና መብላቱን ቀጠለ!

«እማዬ፣ ይሄ ሱሪ እኮ አላስቆመኝም!» ብላ አውልቃ ወረወረችው። በቀሚሷ ቆማ ወንጭፏን ታሽከረክር ጀመር።

«ተይ አንቺ ልጅ፣ መጥቶ ይዘነጥልሻል!» ብዬ ሳልጨርስ ድንጋዩ ግንባሩን አለው። ወይ ጩኸቱ! መንጋው ሁሉ ተከትሎት ጫካ ገባ። እኔም እልል አልኩ።

ያን ዓመት ጠግበን በላን። እኔ ፈሪዋ እንኳ ብቻዬን ማሳ ስወርድ፣ ቀሚሴን ገና ከሩቅ ሲያዩ ይፈረጥጡ ነበር።